ከፀጉር የቀጠነ ቀለም

መኪናችሁን ለመጨረሻ ጊዜ በደንብ ያያችሁት መቼ ነው? በሩን ለመክፈት፣ የጎማውን ንፋስ ለማየት ወይም ሰው ገጭቶብኝ ይሆን ብላችሁ ለማጣራት ማለቴ አይደለም። የጠዋት ፀሐይ ከጎን ስትመታው ጎንበስ ብላችሁ፣ ዓይናችሁን ከኮፈኑ ጋር እኩል አድርጋችሁ፣ ቀለሙን ያያችሁት መቼ ነው? አብዛኞቻችን ለዓመታት ሳናየው እንኖራለን። ከቤት ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ ያፈሰስንበት ንብረት እሱ ሆኖ ሳለ፣ ልብ የምንለው መቆሸሹንና መታጠቡን ብቻ ነው።

ስለ መኪና ቀለም የማውቀውን ሁሉ የተማርኩት ባለፉት ሁለት ሦስት ዓመታት ነው። ያስተማሩኝ ባለቤቴ፣ የመጀመሪያ ልጄና ከሰፈራችን ብዙም በማይርቅ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ አንድ የፖሊሽ ባለሙያ ናቸው። ዛሬ የማወጋችሁም ስለ ፖሊሽና ስለ ሰም ነው። በመሀል ስለ ልጄ ካነሳሁ አትገረሙ፤ በእኛ ቤት ሁለቱ ነገሮች የመጡት አብረው ነው።

መኪናው የባለቤቴ አባት ትተውልን የሄዱት መርሴዲስ ነው። ባለሙያዎቹ 124 የሚሉት፣ ፋብሪካው እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ያመረተው ሞዴል ነው፤ የእኛው የ1992 ነው። ቀለሙ ጥቁር ሰማያዊ፣ ሜታሊክ። አባባ፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚጠራቸው እንዲያ ነበር፣ በየቀኑ አይነዱትም። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚወጣ መኪና ነበር። የሰፈሩን ሙሽሮች ግማሹን የተሸከመ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለሠርጉ አበባ የተለጠፈበት የፕላስተር ምልክት ኮፈኑ ላይ እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ይታይ ነበር።

እኛ ጋ ሲመጣ ግን ሰማያዊነቱ ጠፍቶ ግራጫ መስሎ ነበር። ፀሐይ ሲያርፍበት ከጫፍ እስከ ጫፍ የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ይታያል። ያየው ሁሉ ምክሩ አንድ ነው፤ "ሙሉ ቀለም አስቀቡት"። ባለቤቴ ዋጋ ጠየቀ። የተነገረው ገንዘብ የሁለቱን ልጆቻችንን የአንድ ተርም የትምህርት ቤት ክፍያ ያክላል። እራት ላይ ስንነጋገር "ወይ መኪናው ይሽቀርቀር፣ ወይ ልጆቹ ይማሩ" አልኩት። እየሳቀ "ሦስተኛ መንገድ ይኖራል" አለኝ። ሦስተኛው መንገድ ፖሊሽ ነበር።

ባለሙያው መኪናውን ሲያይ መጀመሪያ ያነሳው ጨርቅ ወይም ማሽን አይደለም፤ ከሞባይል የምታንስ መለኪያ ነው። ኮፈኑ ላይ፣ በሮቹ ላይ፣ ጣሪያው ላይ እያስጠጋ ቁጥር ያነባል። ባለቤቴ የሚሆነውን ሁሉ በስልኩ ድምፅ ማጉያ ያሰማኝ ስለነበር፣ ጨርሶ እንዲህ አለኝ፤ "እትዬ፣ ቀለሙ አልሞተም፤ ተጭሯል እንጂ።"

የመኪና ቀለም አንድ ነገር አይደለም፣ ድርብርብ ነው። ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ልባስ አለ፤ በእሱ ላይ መሠረት የሚሆነው ፕራይመር፣ ከዚያ ዓይናችን የሚያየው ቀለም፣ በመጨረሻም እንደ መስታወት የጠራው የላይኛው ልባስ። ይህን የላይኛውን ቀለም ቀቢዎች ክሊር ይሉታል። አራቱ ተደምረው ከፋብሪካ ሲወጡ አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ይሆናሉ። አንድ ማይክሮን የአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺሕኛ ነው። ክሊሩ ብቻውን ከ40 ወይም ከ50 ማይክሮን ብዙም አይበልጥም። የሰው ፀጉር ውፍረት ወደ 70 ማይክሮን ነው። አስቡት፣ መኪናችሁን የሚያስውበው፣ ፀሐይንና ዝናብን የሚመልሰው ነገር ከአንድ ዘለላ ፀጉር የቀጠነ ነው።

ፖሊሽ ማለት ደግሞ ከዚያ ከቀጠነው ላይ መውሰድ ማለት ነው። ብዙ ሰው ፖሊሽ የሆነ ነገር የሚጨምር ይመስለዋል። ፖሊሽ በጣም የደቀቀ አሸዋ የያዘ ቅባት ብላችሁ ብታስቡት ይቀላል፤ ክሊሩን በጥቂቱ ይፍቀዋል። አንድ ጊዜ በማሽን በደንብ ሲሠራ ከ2 እስከ 5 ማይክሮን ሊሄድ ይችላል። የሄደው ደግሞ አይመለስም። ስለዚህ የመኪናችሁ ክሊር ወጪ ብቻ የሚደረግበት፣ ገቢ የማይገባበት የባንክ ደብተር ነው። በየበዓሉ "ፖሊሽ አስመቱት" የሚላችሁ ሰው ደብተሩን እያስጨረሳችሁ ነው።

ሰም የሚሠራው ሌላ ሥራ ነው። ሰም አይፍቅም፣ ይጨምራል። ጭረት አያጠፋም፤ ያለውን ይሸፍናል፣ ይጠብቃል፣ ውሃና አቧራ እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ሁለቱን ያምታታ ሰው መኪናውን በየወሩ እያስፋቀ የጠበቀው ይመስለዋል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብታስታውሱ ይህን አስታውሱ፤ ፖሊሽ አልፎ አልፎ፣ ሰም ቶሎ ቶሎ።

አሁን ስለ መለኪያዋ ልመለስ። ኮፈኑና በሮቹ ከ110 እስከ 120 አነበቡ፤ ጥሩ ነው። ጣሪያው 90 ገደማ፤ ለዓመታት ፀሐይና መፋቅ ስላሳሳው እንዳይነካ ተወሰነ። የግራው የኋላ በር ግን ከ300 በላይ ሄደ። ባለሙያው ፈገግ አለ፤ "ይሄ ተገጭቶ ስቱኮ ገብቶበታል፣ ከዚያ ተቀብቷል።" ባለቤቴ አላመነም። አባቱ ሃያ ዓመት ሙሉ "ይህ መኪና አንድ ቀን እንኳ ሰው አልነካውም" ሲሉ ነው የኖሩት። (ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ይህቺን መለኪያ የያዘ ሰው አስከትሉ። ሻጩ የማይነግራችሁን በር ይነግራችኋል።)

ይህ ሁሉ የሆነው በጥቅምት 2016 ነው። በዚያው ሰሞን የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ወጥቶ ነበር። የመጀመሪያ ልጃችን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ የተፈተነ፣ ሲወጣም "ጥሩ ሠርቻለሁ" ያለ ልጅ ነው። በዚያ ዓመት በመላ አገሪቱ ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3 ገደማ ነበሩ። ልጃችን ከእነሱ አልነበረም። ሁሉም ወድቋል ማለት ለአገር ዜና ይሆናል፤ በሩን ዘግቶ ለተኛ ልጅ ግን ምንም አይደለም። ሁላችንም ከበላን በኋላ ወጥቶ ይበላል። አባቱ ሲያገኘው "በላህ?" ይለዋል፤ "አዎ" ይላል፤ "እሺ" ይባባላሉ። ለሦስት ሳምንት በመካከላቸው የተነገረው ይኸው ነው። ባለቤቴ ቁጡ ሰው አይደለም፤ የሚለውን አጥቶ ነው። እኔ ደግሞ ብዙ ስለተናገርኩ ማንም አይሰማኝም ነበር።

ባለሙያው ሥራውን ለሁለት ከፈለው። በማሽን የሚሠራውን ሰፊውን ቦታ፣ ማለትም ኮፈኑንና ከግራው የኋላ በር በቀር ሌሎቹን በሮች፣ እሱ ይሠራል። ማጠቡን፣ ጠርዝና ጠባብ ቦታውን፣ ሰሙን ግን "እቤታችሁ በእጃችሁ ሥሩት፤ ገንዘባችሁን አታባክኑ" አለ። ጠርዝ ላይ ቀለም ከየትም ይልቅ ስስ ነው፤ ማሽን በአንድ ቅጽበት እስከ ፕራይመሩ ሊበላው ይችላል። ሥራው አራት ቅዳሜ እንደሚፈጅ ገመትን። ባለቤቴ የልጁን በር አንኳኳና "ውሃ የሚያቀብለኝ ሰው እፈልጋለሁ" አለው። ሌላ ምንም አላለም። ልጁ ወጣ።

የመጀመሪያው ቅዳሜ የማጠብ ነበር። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው፤ የቧንቧ ጎማ ለቆ መኪና ማጠብ የሚባል ነገር የለም። ጥሩነቱ፣ ትክክለኛው አጠባብ ብዙ ውሃ አይፈልግም። ሁለት ባልዲ ያዙ። በአንደኛው የመኪና ሻምፑ፣ በሁለተኛው ንጹሕ ውሃ ይሁን። መጀመሪያ አቧራውን በውሃ አውርዱት። ከዚያ ለስላሳውን ስፖንጅ ሻምፑው ውስጥ ነክራችሁ ትንሽ ካጠባችሁ በኋላ፣ መልሳችሁ ሻምፑው ውስጥ ከመክተታችሁ በፊት በንጹሑ ውሃ አለቅልቁት። ከጣሪያ ጀምራችሁ ወደ ታች ውረዱ። ጎማና ቸርኬው በመጨረሻ፣ በሌላ ጨርቅ። የልብስ ዱቄት ሳሙና ያለውን ሰም ሁሉ ገፎ ስለሚወስድ ለመኪና አይሆንም። ስታደርቁም አትሹት፤ ፎጣውን አልብሳችሁ በቀስታ ሳቡት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። የአዲስ አበባን መኪናዎች የሸረሪት ድር የሚያስመስላቸው ጠዋት ጠዋት የሚዞርባቸው እርጥብ ቡቱቶ ነው። የግቢ ጠባቂዎች ለእኛ አስበው፣ መንገድ ላይ ያሉ ልጆችም ለዕለት እንጀራቸው ሲሉ አቧራ የለበሰ መኪና በአንዲት ጨርቅ ይጠርጋሉ። አቧራው ውስጥ ግን የድንጋይ ብናኝ አለ፤ እሱም ከክሊሩ ይልቅ ጠንካራ ነው። ጨርቁ አቧራውን ከማንሳት ይልቅ ቀለሙ ላይ ያመላልሰዋል። በየቦታው ሕንፃና መንገድ በሚሠራበት ከተማ ደግሞ አቧራው ስንት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። አባቶቻችን "ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል" ያሉት ለዚህም ይሠራል። ጠባቂያችሁን አትቆጡት፤ ሁለተኛ ባልዲና ንጹሕ ስፖንጅ ገዝታችሁ ስጡት።

ፀሐዩም አለ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ያለች ናት። በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ አልትራቫዮሌት ጨረሩ በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ብርዱ ሸውዶን ፀሐዩን እንንቀዋለን እንጂ፣ እዚህ ደጅ የሚያድር መኪና ቀለሙ የሚጎዳው ከቆላው ባላነሰ ነው። የወፍ ኩስ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል፤ አሲድነት ስላለው በፀሐይ ሲጋገር ክሊሩን ይበላዋል። ባያችሁ ጊዜ ውሃ አርከፍክፋችሁ፣ አለስልሳችሁ አንሱት። ደርቆ ሳለ በጥፍር አትፋቁት።

ከታጠበ በኋላ የምወደው ሙከራ ይመጣል። እጃችሁን ስስ ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ንጹሕ የሚመስለውን ኮፈን ዳስሱት። ደቃቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ያህል ይሻክራችኋል። ያ በውሃ የማይለቅ የብሬክ ብናኝ፣ የዛፍ ሙጫና የቀለም ርጭት ነው። ለእሱ የተሠራ እንደ ሊጥ የሚለጠጥ ጭቃ በመኪና ዕቃ መሸጫዎች አለ። ቦታውን በሻምፑ ውሃ አርጥባችሁ፣ ሳትጫኑ ታመላልሱታላችሁ፤ ሲቆሽሽ አጥፋችሁ በንጹሑ ፊት ትቀጥላላችሁ። መሬት ከወደቀ መጣል ነው። ልጄ ያን ቅዳሜ የተናገረው የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር "እማ፣ ነይ ይሄን ዳሽው፤ መስታወት ሆኗል" የሚል ነበር። ዳስሼ አየሁት። ወደ ኩሽና ስመለስ እንባዬን ጠርጌያለሁ።

በሁለተኛው ቅዳሜ መኪናው እንደገና ታጥቦ ጋራዥ ሄደ። ልጁም ሳይጠራ ተከተለ። ባለሙያው ጠርዞቹንና ላስቲኮቹን በፕላስተር ሸፈነ፤ ከዚያ ትንሽ ቦታ ላይ በጣም ለስላሳውን ፖሊሽ ሞከረ። ጥሩ ባለሙያ የሚጀምረው ከለስላሳው ነው፤ ሻካራውን የሚያነሳው ለስላሳው ካልበቃ ብቻ ነው። በማሽኑ ቀስ እያለ አለፈበትና ጠርጎ መብራት አበራበት። የሸረሪት ድሩ የለም፤ ሰማያዊው ጥልቅ ሆኖ ወጥቷል። ልጄ "ጭረቱ የት ሄደ?" ብሎ ጠየቀው። የሰውየውን መልስ ባለቤቴ ማታ ነገረኝ። "የትም አልሄደም። ዙሪያው ነው ወደ እሱ የወረደው።"

እውነቱም እሱ ነው። ጭረት አይሞላም። ብርሃን ጭረቱ ጠርዝ ላይ ሲያርፍ ስለሚበታተን ነው ዓይናችን የሚያየው። ዙሪያው እስከ ጭረቱ ግርጌ ዝቅ ሲል ጠርዝ የሚባል ነገር አይኖርም። ስለዚህ ጥልቅ ጭረት ሲሆን ዋጋው ከባድ ነው፤ እሱን ለማጥፋት ያን ሁሉ ዙሪያ ማሳሳት ይጠይቃል። መለያው ቀላል ነው። ጥፍራችሁን በጭረቱ ላይ አግድም ሳቡት፤ ጥፍሩ ከያዘ ተዉት። ጫፉ በቀጭን ብሩሽ ቀለም ሊነካ ይችላል፤ በፖሊሽ ግን አታሳድዱት። የእኛ የኋላ ኮፈን ላይ እንዲህ ያለ አንድ ጭረት አለ። ዛሬም አለ።

በሦስተኛው ቅዳሜ የባለቤቴ እናት ሊጠይቁን መጡ። አባትና ልጅ በሮቹን ከፍተው ጠርዞቹን በእጅ ያሻሻሉ። ባለቤቴ እናቱን ለማስገረም ብሎ "እማማ፣ ይሄ በር እኮ ተገጭቶ ያውቃል፤ መሣሪያ አጋልጦታል" አላቸው። እማማ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ዝም አሉ። ከዚያ ሳቃቸው አመለጣቸው። "የገዛ ግቢው በር ላይ ነው የላተመው። ወደ ኋላ ሲነዳ። ልጆቹ ትምህርት ቤት ሳሉ ወስዶ አሠርቶ፣ 'ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ' ብሎ አስማለኝ። ይኸው ሃያ ዓመት ጠበቅኩለት።"

ልጄ ሳቀ። ጨርቁን እንደያዘ በሩን ተደግፎ ሳቀ። አባባ ለእሱ ስህተት የማያውቁ፣ ሸሚዛቸው የማይጨማደድ፣ በየሄደበት "የእሳቸው የልጅ ልጅ" እየተባለ የሚጠራባቸው ሰው ነበሩ። እንደገና ወደ ሥራው ጎንበስ ሲል "አባባ ራሳቸው?" ይላል፤ ይስቃል። እኔና ባለቤቴ ተያየን። እኛ ሦስት ሳምንት ሙሉ ያጠናነው ምክር ሁሉ ያላደረገውን የአንድ በር ስቱኮ አደረገው።

አራተኛው ቅዳሜ የሰም ነበር። ጥሩ የመኪና ሰም ውስጥ ያለው ዋና ነገር ካርናውባ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል ከሚበቅል የዘንባባ ዓይነት ቅጠል የሚገኝ ነው። ዛፉ በድርቅ ጊዜ ውሃ እንዳያልቅበት ቅጠሉን በዚህ ሰም ይሸፍናል። ሰዎች ቅጠሉን ቆርጠው ያደርቁታል፣ ዱቄቱን አራግፈው ያቀልጡታል። እኛ አገር የንብ ሰም ሞልቶ ከብራዚል ለምን ይመጣል ብላችሁ ከጠየቃችሁ፣ ምክንያቱ ሙቀት ነው። የንብ ሰም ከ60 ዲግሪ ብዙም ሳያልፍ ይቀልጣል፤ ካርናውባ ግን ከ80 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ጥቁር መኪና ፀሐይ ላይ ሲውል ብረቱ ምን ያህል እንደሚግል በእጃችሁ ታውቁታላችሁ። በቅኔ ቤት ሰሙ ተገፎ ወርቁ ይወጣል፤ በመኪና ላይ ግን ሰሙ የሚቀመጠው ወርቁን ሊጠብቅ ነው።

አቀባቡ ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም። መኪናው ጥላ ውስጥ ይሁን፤ ብረቱ ሲነካ ቀዝቃዛ መሆን አለበት። ሰሙን እርጥበት ባለው ስፖንጅ በጣም አሳስታችሁ ቀቡ። ቅቤ ዳቦ ላይ እንደሚቀባው አይደለም፤ የበዛው ሁሉ ተጠርጎ የሚጣል ነው። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ጉም ሲለብስ በጣታችሁ አንድ መስመር ሳቡ፤ ንጹሕ ሆኖ ከለቀቀ ደርሷል። በለስላሳ ማይክሮፋይበር ጨርቅ፣ ጨርቁን ደጋግማችሁ እየገለበጣችሁ ጥረጉት። ጥቁር ፕላስቲክና ላስቲክ ላይ አታስነኩት፤ ነጭ ሆኖ ይቀራል።

አባት በቀኝ፣ ልጅ በግራ ሆነው ኮፈኑን ይጠርጉ ነበር። እኔ በኩሽናው መስኮት አያቸዋለሁ። ልጄ ቀና ሳይል "አባዬ፣ ሪሚዲያል ልግባ ወይስ እንደገና ልፈተን?" ሲል ሰማሁት። ባለቤቴም ቀና አላለም። "አንተ ምን አሰብክ?" አለው። ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም፤ መስኮቱን ዘጋሁላቸው። ኮፈኑን ጠርገው ከጨረሱ በኋላም ረጅም ሰዓት እዚያው ቆመው ሲጠርጉት ነበር።

ሰም ልጅ አያሳልፍም። ልጃችን ሪሚዲያል ገባ፣ አጠና፣ አለፈ፤ አሁን ሁለተኛ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው። ያንን ያደረገው እሱ ነው። እኔ የምለው፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው መነጋገር ያቃታቸው ሁለት ወንዶች በመካከላቸው አንድ የሚሠራ ነገር ሲኖር ቃል እንደሚገኝላቸው ነው። እናንተ ቤት መኪና ላይሆን ይችላል። የእኛ ግን እሱ ነበር።

ወደ ባለሙያ ከሄዳችሁ ሦስት ነገር ጠይቁ። ከመጀመራችሁ በፊት ውፍረቱን ትለካላችሁ ወይ? ከየትኛው ፖሊሽ ነው የምትጀምሩት? መጀመሪያ ትንሽ ቦታ ላይ ታሳዩኛላችሁ ወይ? ለሦስቱም ቀጥተኛ መልስ የሌለው ሰው ማሽኑን እንዲያነሳ አትፍቀዱ። መኪናችሁ የቆየና ሜታሊክ ያልሆነ ነጭ ወይም ቀይ ከሆነ ደግሞ ክሊር ላይኖረው ይችላል። ፖሊሽ ሲደረግ ጨርቁ የመኪናውን ቀለም ይዞ ከወጣ የሚፋቀው ራሱ ቀለሙ ነውና ይበልጥ ቆጥቡት። ሴራሚክ ስለሚባለውም ትጠየቃላችሁ። ከሰም የበለጠ ይቆያል፣ ዋጋውም ያንኑ ያህል ነው። ጭረት ካለበት ግን ጭረቱን ከነመልኩ ነው የሚያሽገው፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ቀለም አስቀድሞ መስተካከል አለበት። ከድንጋይና ከቁልፍ ያድናል የሚላችሁን አትመኑ።

ይህ ሁሉ ለአሮጌ መርሴዲስ ባለቤቶች ብቻ አይምሰላችሁ። በዚያው በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ ብዙዎቻችን ያለንን መኪና ረዘም ላለ ጊዜ መያዛችን አይቀርም። አዲስ የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁም ብትሆኑ ሞተሩ ተለወጠ እንጂ ክሊሩ ያው ክሊር ነው፤ ቡቱቶውም ያው ቡቱቶ ነው። አዲስ ቀለም ፖሊሽ አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው ሁለት ባልዲ፣ ንጹሕ ስፖንጅና በየሁለት ሦስት ወሩ አንድ ስስ ሰም ነው። በተለይ ክረምት ከመግባቱ በፊትና መስከረም ላይ ዝናቡ ሲያበቃ አትለፉት።

ጊዜው መድረሱን ለማወቅ ማንንም መጠየቅ አያስፈልጋችሁም። መኪናው ታጥቦ ሲያበቃ አንድ ኩባያ ንጹሕ ውሃ ኮፈኑ ላይ አፍስሱ። ውሃው ክብ ክብ ሆኖ እንደ ጨሌ ከተንከባለለ ሰሙ አለ፤ ወደ ሥራችሁ ሂዱ። ተነጥፎ ከቀረ ሰሙ አልቋል። ያን ጊዜ ሁለት ጨርቅ አዘጋጁ። አንዱን ለራሳችሁ ያዙ፣ ሌላውን ቤት ውስጥ ዝም ካለው ሰው እጅ አስይዙት።